ደቻቱና ከበላዩ ያለው ዳገት

ድሬዳዋ የተቆረቆረችው ሥፍራው ለምለም ሆኖ ወይም ውሃው ተመርጦ አይደለም፤ ባቡሩ ዳገቱን መውጣት ስላልቻለ ነው። ዳግማዊ ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. ለስዊሱ ተወላጅ ለአልፍሬድ ኢልግ የሐዲድ ሥራ ፈቃድ በሰጡ ጊዜ፥ መሥመሩ ከጅቡቲ ተነሥቶ በሐረር በኩል እንዲያልፍ ታስቦ ነበር። ነገር ግን ከቆላው ወደ ሐረር ደጋ የሚያወጣው ተራራ እጅግ ቀጥ ያለ ስለ ሆነና ወጪውም ስለ ከበደ፥ ሐዲዱ በግርጌ እንዲያልፍ ተወሰነ። ባቡሩ በ1895 ዓ.ም. ከሥፍራው ሲደርስ አዲሲቱ ከተማ «አዲስ ሐረር» ተባለች፤ ስሙ ግን አልጸናም። ይህን የድሬዳዋ ልጅ ሁሉ ያውቀዋል። እምብዛም የማይነገረው ግን፥ ባቡሩን የመለሰው ያው ዳገት የክረምቱን ጎርፍ ወደ ከተማዪቱ የሚልክ መሆኑ ነው።

የዚህ ጽሑፍ አሳብ ይህ ነው፤ በድሬዳዋ ስለ ዛፍ፥ ስለ አፈርና ስለ ውሃ የተደረገው ጥበቃ፥ ግለሰብም ያድርገው መንግሥት፥ አብዛኛው የተደረገው ከታች ነው። አደጋው የሚመጣው ግን ከላይ ነው።

ደቻቱ ከተማዪቱን ለሁለት ይከፍላታል። በአንዱ ወገን ከዚራ፥ በሌላው ወገን መጋላ ይገኛሉ። ከዚራ ከባቡር ኩባንያው ጋር በፕላን የተሠራ ሰፈር ስለ ሆነ መንገዱ ቀጥ ያለ፥ ግራና ቀኙም በዛፍ የተጋረደ ነው። ከዛፎቹም መካከል ቀይ አበባ የሚያብበው ከማዳጋስካር የመጣ ሲሆን፥ በአማርኛ «የድሬዳዋ ዛፍ» የሚል ስም ወጥቶለታል። መጋላ ግን በጠባብ መንገዶቹና በተጠጋጉ ቤቶቹ መካከል ለዛፍ የተረፈው ሥፍራ ጥቂት ነው። በእንዲህ ያለ ሙቀት አገር ጥላ እንኳ የሰፈር ልዩነት ነበረው ማለት ነው።

ከዚራ በዛፍ ስትሸፈን ከበላይዋ ያለው ተራራ ይራቆት ነበር። ከተማው ሲያድግ ማገዶውና ከሰሉ በአህያ፥ በግመልና በሴቶች ጀርባ ከዳገቱ ይወርድ ጀመር። በዚህ ነገር ባላገሩን ለመክሰስ የሚቸኩል ሰው አስቀድሞ የራሱ ምሳ በምን እንደ በሰለ ይጠይቅ።

መንግሥትም ነገሩን ሳያስተውለው አልቀረም። እ.ኤ.አ. በ1965 የወጡት ሦስት የደን አዋጆች፥ ማለት ቁጥር 225፥ 226 እና 227፥ የመንግሥትን ደን፥ የግል ደንና ለጥበቃ የሚከለለውን ደን ለየብቻ ደነገጉ። ለእኛ ጉዳይ ዋናው ሦስተኛው ነው፤ አፈርና ውሃ የሚጠብቀውን ደን የሚመለከት ነውና። ሕጉ መልካም ነበር ማለት ይቻላል። ነገር ግን መሬቱ የባለ ርስት፥ እርሻው የጭሰኛ በነበረበት አገር፥ ነገ ሊነቀል የሚችል ጭሰኛ ከሃያ ዓመት በኋላ ለሚደርስ ዛፍ እንዴት ይደክማል? በየካቲት 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት መሆኑ ሲታወጅ ጭሰኝነት ቀረ፤ ዛፉ የማን እንደ ሆነ ግን ለገበሬው አልተብራራለትም።

በደርግ ዘመን የሐረርጌ ተራራዎች በምግብ ለሥራ ፕሮግራም እርከን ተሠራባቸው። በዚያው ዘመን፥ በተለይ በ1977 እና በ1978 ዓ.ም.፥ በዚያው ክፍለ ሀገር የመንደር ምሥረታ ተካሄደ። ሕዝቡ ከነበረበት ተነሥቶ በአዲስ ሥፍራ ቤት ሲሠራ ምሰሶውና ማገሩ ከየት እንደሚመጣ መገመት አያዳግትም። አንዱ ትእዛዝ ተራራውን ይጠግናል፥ ሌላው ያራቁታል። በ1983 ዓ.ም. መንግሥቱ ሲወድቅ፥ በብዙ የአገራችን ክፍል በግዴታ የተተከለው ደን ተቆረጠ፥ እርከኑም ተናደ። ገበሬው የእኔ ነው ያላለውን ነገር ቢያፈርስ ሊያስገርመን አይገባም።

የድሬዳዋ ጎሮ ችግኝ ጣቢያ ታሪክም መነገር አለበት። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጨረሻ ፕሮሶፒስ የተባለው እሾኻማ ዛፍ ወደ አገራችን ሲገባ መጀመሪያ ከተተከለባቸው ቦታዎች አንዱ ይህ ጣቢያ ነው። አሳቡ በጎ ነበር፤ ድርቅ የሚችል፥ አፈር የሚይዝ፥ ጥላና መኖ የሚሰጥ ዛፍ ተገኘ ተባለ። ከ1978 ዓ.ም. በኋላም በምግብ ለሥራ ወደ አፋር ሜዳ ተስፋፋ። እንስሳት ፍሬውን እየበሉ ዘሩን በየግጦሹ በተኑት። እ.ኤ.አ. በ2016 በአፋር የያዘው መሬት ከ1 ሚሊዮን ሄክታር በላይ ተገምቷል። አፋሮች «ደርጊ ሃራ»፥ የደርግ ዛፍ ማለት ነው፥ አሉት፤ ሌሎች ደግሞ «ወያኔ» ይሉታል። የዛፉ ስም እንኳ በመንግሥት ስም መጠራቱ፥ ሕዝቡ ተክሉን ያመጣበትን ወገን እንዳልረሳ ያሳያል።

ደቻቱ የዓመቱን አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ አሸዋ ነው። ስለዚህ ሰዎች ይሻገሩበታል፥ ይነግዱበታል፥ ድሆችም ዳርቻው ላይ ቤት ይሠራሉ። ሐምሌ 30 ቀን 1998 ዓ.ም. ሌሊት በደጋው የጣለው ከባድ ዝናብ ሰው ተኝቶ ሳለ ደረሰ። ከ200 በላይ ሰዎች ሞቱ፥ በሺህ የሚቆጠሩም መጠለያ አጡ። ዝናቡ ከሰማይ ነው፥ ማንም አይጠየቅበትም። የተራቆተ ዳገት ግን ውሃውን እንደ ጣራ ያወርደዋል፤ በወንዝ ዳር የሚያድረውም ወዶ አይደለም፥ ሌላ ቦታ ስለማይገኝለት ነው።

ከዚያ በኋላ የተፈናቀሉት ሌላ ሥፍራ ተሰጣቸው፥ በወንዙም ዳር የመከላከያ ግንብ ተሠራ። ግንቡ አያስፈልግም የሚል ከቶ የለም። ነገር ግን ይህም ከታች የተሠራ ሥራ ነው።

የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 44 ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ መኖርን የሰው ሁሉ መብት አድርጎታል፤ በአንቀጽ 92 ደግሞ አካባቢን መጠበቅን የመንግሥትና የዜጎች ግዴታ ያደርገዋል። በደቻቱ ላይ ይህ ግዴታ በሁለት አስተዳደር መካከል ያርፋል። ድሬዳዋ በ1996 ዓ.ም. በወጣ ቻርተር ለፌዴራል መንግሥት ተጠሪ ከተማ ሆናለች፤ ጎርፉ የሚነሣበት የደንገጎ ከፍታ አብዛኛው ግን በኦሮሚያ፥ በምሥራቅ ሐረርጌ ነው። የከተማው ትእዛዝ እዚያ አይደርስም። የደጋው ገበሬም ጫት የሚተክለው ገበያው ቅርብ፥ ትርፉም ፈጣን ስለ ሆነ ነው፤ ዛፍ ትከል ቢባል በመካከሉ ባሉት ዓመታት ምን እንደሚበላ ይጠይቃል፥ ጥያቄውም ትክክል ነው። እርሱን የሚመልስለት ገንዘብ ከየትኛው በጀት እንደሚወጣ የሚወስን የሁለቱ አስተዳደሮች ስምምነት ያስፈልጋል። የከተማው ነዋሪ በየዓመቱ የሚያወጣውን የችግኝ ዘመቻ ጉልበት ከከዚራ ጎዳና ይልቅ ወደዚያ ቢያደርሰው፥ ችግኙን የሚጠብቀው እርሱ አይደለም፤ ከዳገቱ ላይ የሚያድረው ገበሬ ነው።