የቴኔሲው ሰጋር፦ ለእሽቅድምድም አይሆንም ተብሎ ከተተወ ድንጉላ የተገኘ ዝርያ

አራት እግሩን በየተራ እያነሣ፣ የተቀመጠበትን ሰው ሳያናጥ ፈጥኖ የሚሄድ የጋማ ከብት በአማርኛ «ሰጋር» ስለሚባል፣ በአሜሪካዋ የቴኔሲ ግዛት ተዳቅሎ የወጣውንና «ቴኔሲ ዎኪንግ ሆርስ» የሚባለውን የኮርቻ ፈረስ ለመግለጽ አዲስ ቃል መፈለግ አያሻም፤ ሰጋር በቅሎ የመኳንንትና የካህናት መጓጓዣ ሆና የኖረችበት አገር አንባቢ ነገሩን ያውቀዋል።

የዝርያው መሠረት የተጣለው ሰፋሪዎች የአፓላቺያን ተራሮችን ተሻግረው ወደ መካከለኛው ቴኔሲ ሲገቡ ይዘዋቸው የመጡት የናራጋንሴትና የካናዳ ሰጋር ፈረሶች፣ እንደ ሞርጋንና ቶሮብሬድ ካሉ ሌሎች ዝርያዎች ጋር በመዳቀላቸው ነው፤ ከነዚህ መካከል በሮድ አይላንድ የተገኘው ናራጋንሴት ዛሬ ጨርሶ ጠፍቷል። ሰፋፊ እርሻ የነበራቸው ባለመሬቶች ቀኑን ሙሉ በኮርቻ ላይ ሆነው ማሳቸውን ስለሚቃኙ የማያደክም ፈረስ ይሹ ነበር። ያንን ማሳ ያለሙት ግን በባርነት የተያዙ ጥቁሮች ስለነበሩ፣ ስለ ፈረሱ ምቾት ሲነገር ይህም አብሮ መነገር አለበት።

የዝርያው ዋና አባት ተብሎ የተመዘገበው ብላክ አለን እ.ኤ.አ. በ1886 በኬንታኪ፣ ሌክሲንግተን የተወለደ ጥቁር ድንጉላ ሲሆን፣ አባቱ አለንዶርፍ ከሠረገላ እሽቅድምድም ፈረሶች ዘር፣ እናቱ ማጊ ማርሻል ደግሞ ከሞርጋን ወገን ነበሩ። ባለቤቶቹ የተመኙለት የሶምሶማ እሽቅድምድም፣ የቀኝ የፊት እግር ከግራ የኋላ እግር ጋር፣ የግራው የፊት ደግሞ ከቀኙ የኋላ ጋር እኩል የሚነሡበት ሩጫ ነው፤ እርሱ ግን የአንድ ጎን እግሮቹን አብሮ ማንሣት ስለሚቀናው ለውድድር አልሆነምና ከእጅ ወደ እጅ ሲሸጥ ቆይቶ በ1903 ጄምስ ብራንትሊ የተባለ የቴኔሲ አርቢ ገዛው። ከእርሱ የተወለደው ሮአን አለን የዝርያው ዝነኛ አባት ሆነ፤ በ1935 በሉዊስበርግ ከተማ የአርቢዎች ማኅበር ሲቋቋምም 115 ፈረሶች መሥራች ተብለው ሲመዘገቡ፣ አንደኛው ቁጥር ያ እንደ ጉድለት ይቆጠር የነበረ አረማመድ ባለቤት ለሆነው ለብላክ አለን ተሰጠ።

ፈረሱ ከሌላው ሁሉ የሚለየው «ራኒንግ ዎክ» በተባለው ፈጣን ስግሪያው ነው። በዚህ አረማመድ እያንዳንዱ እግር ለብቻው መሬት ስለሚነካ አራት የተለያዩ የኮቴ ድምፆች ይሰማሉ፤ የኋላው እግር የፊተኛው የተወውን ዱካ አልፎ ከ15 እስከ 45 ሴንቲ ሜትር ድረስ ወደፊት ያርፋል፤ ራሱም ከእርምጃው ጋር እኩል ወደላይና ወደታች ይነቀነቃል። ሦስቱም ተገጣጥመው ሲሄዱ በሰዓት ከ16 ኪሎ ሜትር በላይ እየተጓዘ ጋላቢው በኮርቻው ላይ ሳይነጥር ይቀመጣል። ቁመቱ ከ150 እስከ 173 ሴንቲ ሜትር ገደማ፣ ጠባዩም ገር ነው። በ2012 ደግሞ ተመራማሪዎች የሰጋር ፈረሶችን አረማመድ «ዲኤምአርቲ3» ከተባለ ዘረ መል ለውጥ ጋር የሚያያይዝ ግኝት ይፋ ስላደረጉ፣ ስግሪያ በዘር የሚወረስ መሆኑ በሳይንስ ታወቀ።

ይህ ስጦታ ግን ለትርኢት አዳራሾች አልበቃም። ከ1950ዎቹ ጀምሮ አንዳንድ አሠልጣኞች ፈረሱ የፊት እግሩን ይበልጥ ከፍ እንዲያደርግ ከሰኮናው በላይ ያለውን ቆዳ በሚያቃጥል ኬሚካል ማቁሰልና ቁስሉ ላይ ሰንሰለት ማሰር ጀመሩ፤ ፈረሱ የሚዘለው ስለሚያመው ነበር። የአሜሪካ ኮንግረስ ይህን ጭካኔ በ1970 በሕግ ከለከለ፤ ድርጊቱ ግን በሕጉ አልቆመም። ማቁሰሉ ከሁሉ የሚያሳዝነው ከንቱ በመሆኑ ነው፤ የዚህ ዝርያ ውርንጭላ በመስክ ላይ እናቱን ተከትሎ ሲሄድ፣ ማንም ሳያሠለጥነውና ጫማ ሳይመታለት ይሰግራልና።