ቅጣቱ ከጥቅሙ ሲረክስ፦ ሆን ተብሎ የሚሠራ ፋውልና የቅርጫት ኳስ ሕግ ታሪክ

እስቲ አንድ ነገር አስቡ። የመኪና ማቆሚያ ክፍያ 100 ብር ነው እንበል። ሳይከፍል አቁሞ የተገኘ ሰው ደግሞ 50 ብር ይቀጣል። ታዲያ ከእናንተ መሃል 100 ብሩን የሚከፍለው ማነው? ወረቀቱ ላይ «ቅጣት» ተብሎ ቢጻፍም በተግባር ግን ቅናሽ ዋጋ ሆኗል። የቅርጫት ኳስ ሕግ አውጪዎች ከመቶ ዓመት በላይ ሲታገሉት የኖሩት ችግር ይኼው ነው። ዛሬም አልጨረሱትም።

በ9 ሰከንድ 5 ፋውል

ጃንዋሪ 20 ቀን 2016 ዲትሮይት ፒስተንስ ከሂውስተን ሮኬትስ ጋር ይጫወታል (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ሁለተኛው አጋማሽ እንደተጀመረ የሂውስተኑ ኬ ጄ ማክዳንየልስ ኳሷን ትቶ የዲትሮይቱን ግዙፍ አንድሬ ድራመንድን ያዘው። ዳኛው ፊሽካ ነፋ። ጨዋታው ሲቀጥል ደግሞ ያዘው፤ ደግሞ ፊሽካ። በ9 ሰከንድ የጨዋታ ሰዓት ውስጥ 5 ጊዜ! ጠብ አልነበረም። ስሌት ነበር።

ስሌቱን ለመረዳት ሁለት ሕጎችን ማወቅ ይበቃል። አንደኛ፣ በኤንቢኤ አንድ ቡድን በአንድ ሩብ ውስጥ 5ኛውን ፋውል ከሠራ፣ ከዚያ ጀምሮ ፋውል የተሠራበት ተጫዋች ኳስ ባይዝም እንኳ 2 ነፃ ውርወራ ያገኛል። ነፃ ውርወራ ማለት ከቅርጫቱ ሰሌዳ 4.57 ሜትር ርቆ ከተሰመረው መስመር ሆኖ፣ ማንም ሳይከላከል የሚወረወር፣ ከገባ 1 ነጥብ የሚያስገኝ ኳስ ነው። ሁለተኛ፣ የሚወረውረው ፋውል የተሠራበት ሰው ራሱ ነው።

ድራመንድ በዚያ ሰሞን ከ10 ውርወራ 4 እንኳ አያስገባም ነበር። ያን ምሽት 36 ጊዜ ወረወረ፤ 13 ገባ፣ 23 ሳተ። በአንድ ጨዋታ 23 ነፃ ውርወራ መሳት በኤንቢኤ ታሪክ አዲስ ክብረ ወሰን ሆነ።

ሒሳቡ እንዴት ነው?

የምህንድስና ተማሪ አንድ ሥርዓት ሲያይ መጀመሪያ የሚጠይቀው «ምን ገባ፣ ምን ወጣ?» ብሎ ነው። እኛም እንደዚያ እናድርግ።

በ2010ዎቹ አጋማሽ አንድ የኤንቢኤ ቡድን ኳስ ይዞ ባጠቃ ቁጥር በአማካይ የሚያገኘው 1.05 ነጥብ ገደማ ነበር። አሁን በምትኩ ፋውል ሠርታችሁ 2 ነፃ ውርወራ ሰጣችሁት እንበል። ወርዋሪው ከ100 ውስጥ 75 የሚያስገባ ከሆነ (የሊጉ አማካይ በዚያ አካባቢ ነው) 2 ሲባዛ በ0.75 ማለት 1.5 ነጥብ ይሆናል። በግማሽ ነጥብ ገደማ ከሰራችሁ። ቅጣቱ ይሠራል ማለት ነው።

ወርዋሪው ከ100 ውስጥ 36 ብቻ የሚያስገባ ከሆነስ? 2 ሲባዛ በ0.36 እኩል ይሆናል 0.72። አሁን ፋውል መሥራት በትክክል ከመከላከል ይሻላል! ሚዛኑ እኩል የሚሆነው 1.05ን ለ2 ስናካፍል፣ ማለትም 52.5 በመቶ ላይ ነው። ከዚያ በታች ለሚወረውር ተጫዋች ቅጣቱ ረክሷል።

እውነተኛው ጨዋታ ከዚህ ትንሽ ይወሳሰባል። የሳተው ሁለተኛ ኳስ ተመልሶ አጥቂው እጅ ሊገባ ይችላል፤ በነፃ ውርወራ ጊዜ ደግሞ የወርዋሪው ቡድን ቦታውን አስተካክሎ ለመከላከል ይዘጋጃል። በሌላ በኩል ፋውል ሰዓቱን ያቆማል፤ ወደ ኋላ ለቀረ ቡድን ሰዓት ወርቅ ነው። ዋናው ስሌት ግን ያው ነው።

ቀዳዳው ከየት መጣ?

ወደ መጀመሪያው እንመለስ። ጄምስ ኔይስሚዝ በዲሴምበር 1891 በአሜሪካ ማሳቹሴትስ፣ ስፕሪንግፊልድ ከተማ፣ ጨዋታውን ሲፈጥር 13 ሕጎች ጻፈ። ነፃ ውርወራ የሚባል ነገር በውስጡ አልነበረም። መግፋት፣ መያዝና መምታት ፋውል ነበር። አንድ ሰው ሁለተኛ ፋውል ከሠራ የሚቀጥለው ጎል እስኪቆጠር ይወጣል። አንድ ቡድን በተከታታይ 3 ፋውል ከሠራ ደግሞ ለተቃራኒው ቡድን ጎል ይቆጠርለታል። ልብ በሉ፤ በዚህ ሕግ ቅጣቱ ተበዳዩ ጥሩ ወርዋሪ መሆን አለመሆኑን አይጠይቅም።

ነፃ ውርወራ የመጣው ከጥቂት ዓመታት በኋላ ነው። መጀመሪያ ላይ ቡድኑ ጎበዝ ወርዋሪውን መርጦ ማቅረብ ይችል ነበር፤ በእግር ኳስ ፍጹም ቅጣት ምት የሚመታውን ሰው ቡድኑ እንደሚመርጠው ማለት ነው። በ1924 ግን ሕጉ ተቀየረና ፋውል የተሠራበት ተጫዋች ራሱ እንዲወረውር ተደረገ።

ፍትሐዊ ይመስላል አይደል? ግን ሳይታሰብ አንድ በር ከፈተ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የቅጣቱን ክብደት የሚወስነው ማን እንደተበደለ ሆነ። ተበዳዩን የሚመርጠው ደግሞ ጥፋተኛው ነው! ለጥፋተኛ ቅጣቱን ራሱ እንዲመርጥ እንደመፍቀድ ነው።

ሌላው በር ሰዓቱ ነበር። በ1950 ፎርት ዌይን ፒስተንስ ሚኒያፖሊስ ሌከርስን ያሸነፈው 19 ለ 18 ነው። በአንድ ሩብ እንዳይመስላችሁ፤ በሙሉ ጨዋታ! ያኔ ኳስ ይዞ ለመቆየት የጊዜ ገደብ ስላልነበረ የሚመራው ቡድን ኳሷን ደብቆ ይቀመጣል። የሚመራበት ቡድን ኳሷን መልሶ ለማግኘት ያለው መንገድ ፋውል ብቻ ነበር። በማርች 1953 ቦስተን ከሲራኪዩስ ባደረጉት፣ 4 ጊዜ ተጨማሪ ሰዓት በታከለበት የጥሎ ማለፍ ጨዋታ 106 ፋውል ተሠራ። የቦስተኑ ቦብ ኩዚ ካስቆጠራቸው 50 ነጥቦች 30ዎቹ በነፃ ውርወራ የተገኙ ነበሩ።

መፍትሔውን ያመጣው የዚያው የሲራኪዩስ ቡድን ባለቤት ዳኒ ቢያሶኒ ነው። ጥሩ በሚባል ጨዋታ ሁለቱ ቡድኖች በድምሩ 120 ጊዜ ያህል ወደ ቅርጫት ይወረውራሉ ብሎ አሰበ። 48 ደቂቃ 2,880 ሰከንድ ነው፤ ለ120 ሲካፈል 24። በቃ! ከ1954 ጀምሮ አንድ ቡድን በ24 ሰከንድ ውስጥ መወርወር ግዴታው ሆነ። በዚያው ዓመት አንድ ቡድን በአንድ ሩብ የሚሠራው ፋውል ከገደብ ሲያልፍ ተጨማሪ ውርወራ እንዲያስቀጣ ተደነገገ። ጨዋታው ነፍስ ዘራ።

ዊልት አባሮሽ ሲጫወት

የ1924ቱ በር ግን ክፍት እንደሆነ ቀረ። በ1960ዎቹ ዊልት ቻምበርሌን መጣ። ማንም ሊያቆመው የማይችል ግዙፍ ነበር፤ በነፃ ውርወራ ግን በሕይወት ዘመኑ ያስገባው 51.1 በመቶ ብቻ ነው። ተቃራኒ ቡድኖች ጨዋታው ሊያልቅ ሲል ኳሷን ትተው እሱን ማሳደድ ጀመሩ። እሱም እንዳይያዝ ሜዳው ላይ ይሸሻል። አዋቂ ሰዎች በሺዎች ፊት አባሮሽ ሲጫወቱ ይታያችሁ!

ሊጉ አፈረና ሕግ አወጣ። በጨዋታው የመጨረሻ 2 ደቂቃ ኳስ ከሌለበት ቦታ ፋውል ከተሠራ፣ ተበዳዩ ቡድን 1 ነፃ ውርወራ ያገኛል፤ ኳሷም ትመለስለታለች። ወርዋሪውንም ሜዳ ላይ ካሉት መሃል ቡድኑ ይመርጣል። ያ ከ1924 በፊት የነበረው አሠራር በጓሮ በር ተመልሶ መጣ ማለት ነው። ሒሳቡን ሥሩት፦ ጎበዝ ወርዋሪ 0.9፣ ሲደመር አዲስ ጥቃት 1.05፣ በድምሩ ወደ 2 ነጥብ ይጠጋል። በዚህ ዋጋ ማንም ፋውል አይገዛም።

ይሁን እንጂ ሕጉ የሚሠራው በመጨረሻዎቹ 2 ደቂቃዎች ብቻ ነበር። የቀሩት 46 ደቂቃዎችስ?

ዲሴምበር 29 ቀን 1997 የዳላስ አሰልጣኝ ዶን ኔልሰን ይህን ክፍተት ተጠቀመበት። ቡባ ዌልስ የሚባል አዲስ ተጫዋች አስገብቶ የቺካጎውን ዴኒስ ሮድማንን እየደጋገመ እንዲይዘው አደረገ። ዌልስ 3 ደቂቃ ሳይሞላ 6 ፋውል ሞልቶበት ወጣ። ቀጥሎ ተራው የሻኪል ኦኒል ሆነ፤ ዘዴውም «ሃክ ኤ ሻክ» የሚለውን ስም ያገኘው በእሱ ነው፤ «ሻክን ያዙት» እንደማለት። ሻክ በ2000 የፍጻሜ ውድድር ሁለተኛ ጨዋታ 39 ጊዜ ወርውሮ 18 አስገባ። በ2012 ድዋይት ሃዋርድ በአንድ ጨዋታ እንዲሁ 39 ወርውሮ 21 አስገባ።

የእነዚህ ጨዋታዎች ውጤት ደግሞ ሊያስገርማችሁ ይችላል። ሮድማን ያን ቀን ከ12 ውስጥ 9 አስገብቶ ቺካጎ አሸነፈ። የሻክ ሌከርስም አሸነፈ። የሃዋርድ ኦርላንዶም አሸነፈ። ድራመንድ 23 በሳተበት ምሽት እንኳ ዲትሮይት አሸንፏል። በአራቱም ዝነኛ ጨዋታዎች የተሸነፈው ፋውል የሠራው ቡድን ነው።

«ታዲያ ካልሠራ ምን አስጨነቃችሁ?» ትሉ ይሆናል። በአንድ በኩል 4 ጨዋታ ስለ ዘዴው አትራፊነት ብዙ አይናገርም፤ ዘዴውን የሚጠቀመው አብዛኛውን ጊዜ አስቀድሞ እየተመራ ያለ ቡድን ነው። በሌላ በኩል ደግሞ ዘዴው ሠራም አልሠራም ተመልካቹ ያጣው ነገር አንድ ነው፦ ጨዋታውን።

«መወርወር ይማር!»

ለውጡን የሚቃወሙ ሰዎች ጠንካራ ክርክር አላቸው። ሚሊዮኖች የሚከፈለው ባለሙያ ማንም ሳይከለክለው ከ4 ሜትር ተኩል ኳስ ማስገባት ካልቻለ ሕጉ ለምን ያባብለዋል? መማር እንደሚቻል ደግሞ ማስረጃ አለ። ሪክ ባሪ ኳሷን በሁለት እጁ ከታች ወደ ላይ እየወረወረ ወደ 90 በመቶ ያስገባ ነበር። ዊልት ራሱ ማርች 2 ቀን 1962 በአንድ ጨዋታ 100 ነጥብ ሲያስቆጥር በዚሁ ስልት ከ32 ነፃ ውርወራ 28 አስገብቷል። በኋላ ግን ስልቱን ተወው። አወራወሩ ያሳፍረው እንደነበር ራሱ ጽፏል። ለኀፍረት ብሎ ነጥብ የሚጥል ሰው ሕግ ሊያድነው አይገባም የሚል ሰው፣ እውነት አለው።

እኔ ግን ክርክሩ ሁለት ነገሮችን ያቀላቅላል እላለሁ። ኳስ መንዳት የማይችል ተጫዋች ቢኖር ተከላካይ ይጫነዋል፤ ኳሷንም ይነጥቀዋል። ድክመቱ በጨዋታ ተቀጣ። ኳስ ያልያዘን ሰው ማቀፍ ግን ጨዋታ ሳይሆን ሕጉ ራሱ የከለከለው ድርጊት ነው። የተከለከለ ድርጊት ከተፈቀደው በላይ ሲያተርፍ ችግሩ የተጫዋቹ ሳይሆን የሕጉ ነው። ደግሞም ሕጉ ቢጠብቅ ደካማ ወርዋሪ አያመልጥም። ኳስ ይዞ ወደ ቅርጫት ሲሄድ ፋውል ከተሠራበት እንደ ድሮው ራሱ ይወረውራል። ስለዚህ መማሩ አይቀርለትም።

ኤንቢኤ በ2016 ክረምት ግማሽ እርምጃ ወሰደ። የ2 ደቂቃው ሕግ በአራቱም ሩቦች መጨረሻ ላይ እንዲሠራ አደረገ። ከ48 ደቂቃ 8ቱ ተጠበቁ፤ 40ው ክፍት ቀሩ። በ2022 ደግሞ ፈጣን መልሶ ማጥቃትን ለማቆም ብቻ ሆን ተብሎ ለሚሠራ ፋውል ተመሳሳይ ቅጣት አወጣ፦ 1 ውርወራና ኳሷ። ይኼኛው ግን ከአራተኛው ሩብና ከተጨማሪ ሰዓት የመጨረሻ 2 ደቂቃዎች በስተቀር በጨዋታው ሁሉ ይሠራል። ሊጉ ሲፈልግ ሰፊ ሕግ ማውጣት እንደሚችል ይህ ያሳያል።

እኛ ሀገር ጨምሮ አብዛኛው ዓለም የሚጫወትበት የፊባ ሕግ ከዚህ ይጠብቃል። ኳሷን ለመጫወት ሳይሞክሩ ሰው መያዝ ከስፖርት መንፈስ የወጣ ፋውል ተብሎ 2 ነፃ ውርወራና ኳሷን ያስከፍላል። ሁለት ጊዜ የደገመው ከጨዋታ ይባረራል። ሃክ ኤ ሻክ በዋናነት የኤንቢኤ ወሬ የሆነው ለዚህ ነው።

ስለዚህ የእኔ ሐሳብ ቀላል ነው። ኤንቢኤ የ2 ደቂቃውን ሕግ ለ48ቱም ደቂቃዎች ያውለው። አዲስ ፈጠራ አያስፈልግም፤ ዳኞቹ ሕጉን ያውቁታል፣ ሒሳቡም ተፈትኗል።

ካልተስማማችሁ የራሳችሁን ሕግ ንደፉ። ግን ሁለት ጥያቄ ጠይቁት፦ ጥፋተኛው የሚያተርፈው ስንት ነው? የሚከፍለውስ? ሁለተኛው ቁጥር ካነሰ፣ ቡባ ዌልስን የሚያስገባ አሰልጣኝ አይጠፋም።