ማውጫ ገጽና የካሴት ሽፋን

መጽሔት ያነሣ ወጣት አስቀድሞ የሚገልጠው ማውጫውን ነው። ኒክ ሎጋን እ.ኤ.አ. በ1980 ለንደን ላይ የመሠረተው «ዘ ፌስ» የተሰኘው የሙዚቃ መጽሔት ይህን ዐውቆ ተጫወተበት፤ ነዳፊው ኔቪል ብሮዲ በ1984 «ማውጫ» የሚለውን ቃል በየእትሙ እየሸራረፈ የማይነበብ ቅርጽ አደረገው። አንባቢው ገጹን አላጣውም፤ ዓይኑ ለምዶታልና።

በእኛ ዘንድ የዚያ ገጽ ወንድም የካሴት ሽፋን ነው ባይ ነኝ። አምኃ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1969 አምኃ ሪከርድስን ሲያቋቁም ትንሹ ሸክላ በየፊቱ አንድ ዘፈን ስለሚይዝ ብዙ ዝርዝር አላስፈለገውም። ካሴት ሲመጣ ግን ዘፈኑ በረከተ፤ ወረቀቱም ማውጫ ሆነ። ከፊት የዘፋኙ ፎቶ፣ ከጀርባ የዘፈኖቹ ርእስ፣ ከሥር በደቃቅ ፊደል ግጥምና ዜማ የእገሌ። በእንጅባራና በዳንግላ መካከል ባለችው፣ ቅዳሜን በስሟ በተሸከመችው አዲስ ቅዳም፣ ዘፈን ወዳድ ጎረምሳ አጣጥፎ የሚያነበው መጽሔቱ ይህችው መዳፍ የማትሞላ ወረቀት ነበረች። (ፎቶው ይማርካል፤ እኔን ግን ያች ደቃቅ ፊደል ትበልጥብኛለች።)

ብሮዲ ቃሉን ያፈረሰው ሆን ብሎ ነው። የእኛው ሳይታሰብ ፈረሰ፤ ዘፈን በፍላሽና በሞባይል ሚሞሪ እየተቀዳ ሲዞር ሽፋኑ ቀረ። ፋይሉ ላይ የዘፋኙ ስምና ተራ ቁጥር ይታያል፤ የገጣሚው ስም የለም።