እስከ በረካ

ዳንግላ ሳለን እናቴ ጭንቅ ሲላት ቡና አፍልታ ጎረቤት ትጠራ ነበር። ሱስ ይመስለኝ ነበር። ነገሩ የገባኝ አድጌ ስለ ዛር ታሪክ ሳነብ ነው።

ጣሊያናዊው ምሁር ኤንሪኮ ቼሩሊ «ዛር» የሚለውን ስም ከጥንቱ የአገው የሰማይ አምላክ ስም ጋር አያይዞታል። ፈረንሳዊው ሚሼል ሌሪስ እ.ኤ.አ. በ1932 ጎንደር ላይ ዛር ያለባቸውን ሴቶች ተከታትሏል። ሳይመን ሜሲንግ ደግሞ በ1958 ስብሰባቸውን ከቡድን ሕክምና ቆጠረው። በቤቷ ሰሚ ያጣች ሴት እዚያ በዛሩ አፍ ብሶቷን ትናገራለች፤ የሚሰማትም ታገኛለች።

እናቴ ዛር አልነበረባትም። ቡና ሲበዛ ደግሞ ልብ ያስመታል። ያሳረፋት እስከ በረካ ተቀምጦ የሚሰማት ጎረቤት ነበር። እኔ ዛሬ አዲስ አበባ ቡናዬን ብቻዬን እጠጣለሁ። ሲጨንቀኝ የማንን በር ላንኳኳ?