ጣፊያ ወይስ ጨጓራ? የአንድ ክብ እንቆቅልሽ ታሪክ

በእኛ ጊዜ የተማራችሁ፣ አርብ አርብ በቤተ መጻሕፍቱ መግቢያ ይለጠፍ የነበረውን ክብ ሥዕል መቼም አትረሱትም። የሚያዘጋጀው ከእኛ አንድ ዓመት የሚቀድም ተማሪ ነበር። አንዱ በሌላው ውስጥ የተሳሉ ሦስት ክቦች ናቸው፤ ከመሐል እንደ ፀሐይ ጨረር የሚወጡ መስመሮች በየሳጥኑ ይከፋፍሏቸዋል። የአንዳንዱ ፍንጭ መልስ ክቡን ተከትሎ ይዞራል፤ የሌላው ከውጭ ወደ መሐል ይገባል። በየሳጥኑ ያለች አንዲት ፊደል ለሁለት ቃል ታገለግላለች።

የጨዋታው ዘር ሩቅ ነው። እ.ኤ.አ. በ79 እሳተ ገሞራ በቀበራት በፖምፔ፣ ባለ አምስት አምስት ፊደል አምስት የላቲን ቃላት በካሬ ተጽፈው ተገኝተዋል፤ አግድምም ቁልቁልም ሲነበቡ ያው ናቸው። የመጀመሪያው «ሮታስ» ነው፤ መንኮራኩሮች ማለት። ቃላቱ ዞረው ዞረው እኛም ዘንድ ደርሰዋል፦ ሳዶር፣ አላዶር፣ ዳናት፣ አዴራ፣ ሮዳስ፤ በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ትውፊት የአምስቱ ቅንዋተ መስቀል ስሞች።

በፍንጭ የሚሞላውን ዘመናዊውን ዓይነት ያስጀመረው የሊቨርፑል ተወላጁ አርተር ዊን ነው፤ ዲሴምበር 21 ቀን 1913፣ በ«ኒው ዮርክ ወርልድ» ጋዜጣ። የእሱም ቢሆን መሐሉ ባዶ የሆነ የአልማዝ ቅርጽ እንጂ ካሬ አልነበረም። በ1924 ሳይመን ኤንድ ሹስተር የመጀመሪያውን መጽሐፍ ከነእርሳሱ ሲያወጣ አሜሪካ አበደች። ቅርጹ ምንም ይሁን ሕጉ አንድ ነው፦ ቃሉ ቦታው ላይ ስለገጠመ ብቻ ትክክል አይሆንም፤ የሚያቋርጠው ቃል ሊመሰክርለት ይገባል።

እኔ ይህን ሕግ የጣስኩት ሁለተኛ ዓመት ላይ ነው። ፍንጩ «በግራ ጎድን ሥር ያለሁ፣ ባለ ሦስት ፊደል» ይላል። «ጨጓራ» ብዬ ጻፍኩ። ከውጭው ክብ ላይ ግን ከገጠር የመጣች ጓደኛችን «ጣዝማ» ብላ ሞልታ ነበር፤ ከመሬት ተቆፍሮ የሚወጣ፣ ለሳል የሚበላ ማር። እኔ የከተማ ልጅ፣ ሰምቼው አላውቅም። ምን አደረግኩ? ጣዝማዋን በላጲስ አጠፋኋት! መልሱ «ጣፊያ» ነበር። አንድ ሳምንት ሙሉ ሳቁብኝ።

ከተመረቅኩ በኋላ በተመደብኩበት ሆስፒታል አንድ የቀን ሠራተኛ መጣ፤ ግራ ሆዱን ያመዋል፣ ምግብ አይበላም። አሁንም «ጨጓራ» አልኩና መድኃኒት ጽፌ ሸኘሁት። ትኩሳት እንዳለው ነግሮኝ ነበር፤ ወባ ይሆናል ብዬ አለፍኩት። ከሦስት ሳምንት በኋላ ሰውነቱ አልቆ፣ ሰው ደግፎት ተመለሰ። ነርሷ፣ «ዶክተር፣ ከየት እንደመጣ ጠይቀሽዋል?» አለችኝ። ከመተማ፣ ከሰሊጥ አጨዳ። እጄን ሆዱ ላይ ሳደርግ ጣፊያው እምብርቱ ጋ ደርሷል። ካላዛር ነበር። ሕክምናውን አግኝቶ ዳነ፤ ያ ሦስት ሳምንት ግን የእኔ ዕዳ ነው።

ትኩሳቱ፣ ክሳቱ፣ የመጣበት አገር፣ ሁሉም የሚያቋርጡ ቃላት ነበሩ። ዛሬ ለኢንተርኖቼ እኔው ራሴ ሦስት ክብ እየሳልኩ እሰጣቸዋለሁ። ከናንተ መሐል ከእነዚያ ወረቀቶች አንዱን ያስቀረ ካለ፣ እባካችሁ ለዘንድሮው መገናኛችን ይዛችሁልኝ ኑ።