የሕፃናት የአእምሮ እድገትና ጨዋታ፦ ልጃቸውን ሥራ ቦታ ይዘው ለሚውሉ ወላጆች

ለትንሽ ልጅ ጨዋታ ትምህርት ነው። ሕፃን ዓለምን የሚያውቀው በማየት፣ በመንካት፣ በመጣል፣ በማንሳትና ሰው ሲያናግረው በመስማት ነው። አንጎል በፍጥነት የሚያድገው በመጀመሪያዎቹ ጥቂት ዓመታት ነው። በእነዚህ ዓመታት ልጅዎ ድምፅ ሲያሰማ መልስ ማግኘቱ፣ ሲጠቁም አብረውት ማየትዎ በአንጎሉ ውስጥ ያሉትን ግንኙነቶች ያጠናክራል።

በሆሳዕና፣ በዱራሜ ወይም በሺንሺቾ መናኸሪያ አካባቢ ቡና የሚያፈሉ፣ ፍራፍሬ ወይም ቆሎ የሚሸጡ እናቶች ልጃቸውን አዝለው ወይም አጠገባቸው አስቀምጠው ይውላሉ። «ለጨዋታ ጊዜ የለኝም፤ መጫወቻ የምገዛበትም የለኝም» ብለው ይጨነቁ ይሆናል። ሁለቱም ያን ያህል አያስፈልጉም።

ይህን የሚያሳይ የታወቀ ጥናት አለ። በጃማይካ ዋና ከተማ ኪንግስተን ዕድሜያቸው ከ9 እስከ 24 ወር የሆኑ፣ በምግብ እጥረት የቀነጨሩ ሕፃናት ቤት የጤና ሠራተኞች በሳምንት አንድ ሰዓት ያህል ለ2 ዓመት እየሄዱ እናቶችን ከልጆቻቸው ጋር ያጫውቱ ነበር። መጫወቻዎቹ ቤት ውስጥ ከሚገኙ ዕቃዎች የተሠሩ ነበሩ። ከ20 ዓመት በኋላ እነዚያ ልጆች ካልተጎበኙት እኩዮቻቸው በአማካይ 25 ከመቶ የበለጠ ገቢ ነበራቸው።

በየዕድሜው ምን ማድረግ ይችላሉ?

ከልደት እስከ 6 ወር፦ አዲስ የተወለደ ሕፃን በደንብ የሚያየው ከ20 እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ርቀት ያለውን ነው። ሲያጠቡት ፊቱን እያዩ ያናግሩት፣ ያንጎራጉሩለት። ድምፅ ሲያወጣ ዝም ብለው ይጠብቁና ይመልሱለት። ነቅቶ ሳለና እርስዎ እያዩት በሆዱ ያስተኙት።

ከ6 እስከ 12 ወር፦ ሲኒ ወይም ኳስ በነጠላ ጫፍ ሸፍነው «የታለ?» ይበሉት። ዕቃው ባይታይም እንዳለ መረዳት የሚጀምረው በዚህ ዕድሜ ነው። ንጹሕ የፕላስቲክ ኩባያና የእንጨት ማንኪያ ይስጡት፤ እያጋጨ ድምፁን ይማር።

ከ1 እስከ 3 ዓመት፦ የሚያየውን ሁሉ በስሙ ይጥሩለት። መናኸሪያ ለዚህ ይመቻል፦ «ባጃጅ መጣ፤ ሰማያዊ ነው። አውቶቡሱ ትልቅ ነው።» አንድ ቃል ሲናገር እርስዎ አርዝመው ይመልሱለት፤ «መኪና» ካለ «አዎ፣ ቀይ መኪና ሄደ» ይበሉት። ብርቱካን ሲደረድሩ ትልቁንና ትንሹን ይለይልዎ።

ከ3 እስከ 6 ዓመት፦ እቃቃ፣ ድብብቆሽ፣ ሰኞ ማክሰኞና እንቆቅልሽ ማስታወስን፣ ተራ መጠበቅንና ማሰብን ያስተምራሉ። ገበጣ መቁጠርን ያስለምዳል። ተረት ከነገሩት በኋላ «ከዚያስ ምን ሆነ?» ብለው ይጠይቁት።

በየትኛው ቋንቋ ላናግረው?

እርስዎ በደንብ በሚችሉት ቋንቋ ያናግሩት። ቤት ሀዲይኛ ወይም ከምባትኛ፣ ገበያ አማርኛ የሚሰማ ልጅ በዚህ ምክንያት አእምሮው አይጎዳም። ቃላትን ከሁለቱም ማደባለቁም የተለመደ ነው።

ምግብና እንቅልፍ

ጨዋታ ብቻውን አይበቃም። ቆጮና ቡላ ኃይል ይሰጣሉ፤ ፕሮቲናቸው ግን አነስተኛ ነው። ስለዚህ ከ6 ወር በኋላ ከጡት ወተት ጋር እንቁላል፣ አይብ፣ ቦሎቄ ወይም ባቄላ፣ እንዲሁም ጎመን በልጁ ዕድሜ ልክ ፈጭተው ወይም አድቅቀው ይጨምሩለት። ለቤተሰቡ ምግብ አዮዲን ያለው ጨው ይጠቀሙ፤ የአዮዲን እጥረት የአእምሮ እድገትን ይጎዳል። የ1 እና የ2 ዓመት ልጅ የቀኑን ጨምሮ በ24 ሰዓት ውስጥ ከ11 እስከ 14 ሰዓት መተኛት አለበት።

ስልክ ሰጥቶ ማስቀመጥ

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው መመሪያ ከ2 ዓመት በታች ላሉ ልጆች ቪዲዮ ማሳየትን አይመክርም። ከ2 እስከ 4 ዓመት ላሉት በቀን ከ1 ሰዓት መብለጥ የለበትም፤ ባነሰ ቁጥር ይሻላል። ስልክ ልጁን ዝም ያሰኘዋል፤ የሚመልስለት ሰው ግን አይሆንም።

ጥንቃቄ

• ከ3 ዓመት በታች ላለ ልጅ ጠጠር፣ ቆርኪ፣ ዶቃ፣ ሳንቲምና ቆሎ አይስጡ፤ ሊያንቁት ይችላሉ።
• ትንሿን ክብ ባትሪ ከዋጠ ሕመም እስኪታይበት ሳይጠብቁ ወዲያውኑ ሆስፒታል ይውሰዱት።
• ከሰልና የፈላ ጀበና ልጁ ከማይደርስበት ቦታ ያኑሩ።
• መኪና ወደ ኋላ ሲመለስ ሾፌሩ ትንሽ ልጅ ላያይ ይችላል። መጫወቻ ቦታውን ከመኪና መንገድ በጠረጴዛ ወይም በሳጥን ይከልሉ፤ ከዓይንዎም አይራቅ።

የጤና ባለሙያ ማማከር ያለብዎት መቼ ነው?

• በ3 ወሩ ፊትዎን አይቶ ፈገግ ካላለ፣
• በ12 ወሩ «ባባ»፣ «ዳዳ» የመሰለ ድምፅ ካላሰማ ወይም በስሙ ሲጠሩት ካልዞረ፣
• በ18 ወሩ ካልሄደ ወይም አንድም ቃል ካልተናገረ፣
• በ2 ዓመቱ ሁለት ቃል ካላገጣጠመ፣
• በማንኛውም ዕድሜ ይችለው የነበረውን ካቆመ።

ምልክቱ ልጁ ችግር አለበት ማለት ላይሆን ይችላል፤ የመስማት ምርመራ ብቻ የሚበቃበት ጊዜም አለ። «ወንድ ልጅ ይዘገያል» ብለው ግን አይጠብቁ፤ ድጋፍ ቶሎ ሲጀመር የበለጠ ይጠቅማል። ለ9ኛውና ለ15ኛው ወር የኩፍኝ ክትባት ሲሄዱ ስለ እድገቱም ይጠይቁ። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ወይም ጤና ጣቢያው አስፈላጊ ከሆነ ወደ ሆስፒታል ይልክዎታል፤ በሆሳዕና ከተማ የዋቸሞ ዩኒቨርሲቲ ንግሥት እሌኒ መሐመድ መታሰቢያ ሆስፒታል ይገኛል።