ከጂንካ ፍርድ ቤት በታች፦ ወረቀት የማያውቀው ውርስ

ጂንካ ከተማ ውስጥ አባወራ ሲሞት ልጆች ፍርድ ቤት ይሄዳሉ። ራፖር ጸሐፊ አቤቱታ ያዘጋጃል፣ ምስክር ይቆጠራል፣ የወራሽነት ማስረጃ ይወጣል፣ የቤቱ ካርታ ስም ይዛወራል። ይህን ሥራ አሳምሮ የሚያውቅ ጠበቃ ወደ ሐመር ቢወርድ ግን እውቀቱ ብዙ አያራምደውም። እዚያ ሀብት ከብት ነው፤ ከብቱም በአንድ በረት አይገኝም። ድርቅና በሽታ ባንዴ እንዳይጨርሱት በየወዳጁ መንጋ ተበትኖ ይኖራል። መዝገቡ የሰው ትዝታ ነው። አባት ሲያልፍ ሥልጣኑ ለበኩር ልጅ ይተላለፋል፤ ታናናሾች ለጥሎሽ እንኳ የታላቃቸውን እጅ ያያሉ።

የመንግሥት ሕግ ወደዚህ አገር መጀመሪያ የመጣው ከጦር ጋር ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ የምኒልክ ሠራዊት ሲገባ የአሪ ደጋ በገባር ሥርዓት ሥር ወደቀ። ገበሬው በደመወዝ ፈንታ ለወታደር ተመደበ፤ ለልጁ የሚተርፈውም ያው ግዴታ ነበር። 

ቀጥሎ የመጣው ፈረንሳዊው ሬኔ ዳቪድ ያረቀቀው የ1952 የፍትሐ ብሔር ሕግ ነው። አንቀጽ 842 ወንድ ሴት፣ ታላቅ ታናሽ ሳይል ልጆችን እኩል ወራሽ አደረገ። አንቀጽ 3347 ደግሞ ሕጉ በሚሸፍናቸው ጉዳዮች ላይ ልማድን ሻረ። ሦስት ዓይነት ኑዛዜም ፈቀደ፦ በግልጽ የሚደረግ፣ በተናዛዡ ጽሕፈት የሚደረግና የቃል። ፊደል ላልቆጠረ አርብቶ አደር የሚቀርበው የመጨረሻው ነው፤ ነገር ግን ሁለት ምስክር ፊት የሚነገረው ይህ ኑዛዜ በእያንዳንዱ ስጦታ ከ500 ብር እንዳያልፍ ተገደበ። ዛሬ 500 ብር ፍየል አይገዛም። አራት ምስክር የሚጠይቀውን ኑዛዜ ሌላ ሰው ሊጽፍለት ይችላል፤ ጸሐፊው ግን ያለው ከተማ ነው።

የካቲት 25 ቀን 1967 የወጣው አዋጅ ቁጥር 31 የአሪን ገባር ነፃ አወጣ፤ ለዘላኖችም በልማድ በሚጠቀሙበት መሬት ላይ የይዞታ መብት ሰጠ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40 አርብቶ አደር ከግጦሽ መሬቱ እንደማይፈናቀል ጻፈ። ጥር 2003 ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ እዚያው ጂንካ፣ በአርብቶ አደሮች ቀን በዓል ላይ ተገኝተው ስለ ኦሞ ሸለቆ ልማት ተናገሩ። ከዚያ የኩራዝ ስኳር ፕሮጀክት መጣ። መሬቱ ለሸንኮራ ሲከለል ቦዲዎች ከአያት የወረሱትን ግጦሽ የሚያሳይ ካርታ በእጃቸው አልነበረም።

ደጋውም ከጣጣ አልዳነም። የ1997ቱ የገጠር መሬት አዋጅ ቁጥር 456፣ በ2016 እስኪተካ ድረስ፣ የመሬት ይዞታን የሚያወርሰው ለ«ቤተሰብ አባል» ነበር፤ ይህም ከባለይዞታው ጋር በቋሚነት እየኖረ መተዳደሪያውን የሚጋራ ማለት ነው። ጂንካ ወርዶ ደመወዝተኛ የሆነ የአሪ ገበሬ ልጅ፣ በፍትሐ ብሔር ሕጉ የአባቱ ወራሽ ሆኖ ሳለ የመሬቱ ወራሽ ላይሆን ይችል ነበር። ስንቱ ወንድማማች በዚህ ሳቢያ ሳይካሰስ አልቀረም።

እንግዲህ ነገሩ ሁሉ ለሽማግሌ ይተው ማለት ቀላል ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 34 ተከራካሪዎች ከተስማሙ የግልና የቤተሰብ ጉዳይ በባህል እንዲዳኝ በር ከፍቷል፤ ኦሮሚያም በ2013 የባህል ፍርድ ቤቶችን በአዋጅ አቋቁሟል። ግን በኩር ልጅ በሚያዝበት ቤት የእህት «ተስማምቻለሁ» ምን ያህል የራሷ ነው? አንዲት የሐመር ልጅ አልስማማም ብላ ጂንካ ብትመጣ ሕጉ ይቀበላታል፣ ድርሻዋንም ይፈርድላታል። ከብቶቹን ከየወዳጁ መንጋ ማን ቆጥሮ እንደሚያመጣላት ግን አንቀጽ 842 አይናገርም።